በአንድ ሳህን ተምር የባለቤቴን ጤንነት ለመሰከረው ጽሕፈት ቤት

ለተራራው ወረዳ የአስታማሚ ቤተሰቦች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣስ በዚህ ሙቀት ደህና ይሠራል? ባለፈው ስመጣ ጥቂት ሲያንኳኳ ሰምቼ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከልቤ አልወጣም። እኛ በሐይል ሩማን መንደር የምንገኝ ሰዎችዎ፣ አላህ ይመስገን፣ በሕይወት አለን፤ ይህንንም የምነግርዎ ከእርስዎ ዘንድ ወደ እኛ የሚወጣ ሰው ስለማይበዛ ወሬው ሳይደርስዎ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ በኩል የላክሁት ለክብርዎ ስል ነው። ቀደም ብዬ በእጄ ያቀረብኋቸው ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ይኸኛው ሄዶ እንዳይቀሰቅሳቸው ሰጋሁ። ደግሞም እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የተማርኩት ባለ ሱቁ ሽንኩርትና ባትሪ ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ የእኔ ጽሑፍ በተራው የሌላ ሰው ሽንኩርት ቢጠቀለልበት ቅር አይለኝም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ባለቤቴ ነስራ የመርሳት ሕመም ከያዛት ቆይቷል። ልጃችን ዙወይና ባሏንና ልጆቿን ባሕሩ ዳር ትታ መጥታ እናቷን ስታስታምም ከርማለች። ባሏ ሐምዳን ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲደውል መቼ እንደምትመለስ ይጠይቃት ነበር፤ ቀጥሎ ትመለስ እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ፤ በኋላ ደግሞ ስልኩን ለልጆቹ ሰጥቶ ራሱ ዝም ማለትን መረጠ። እኛ ከጽሕፈት ቤትዎ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአስታማሚ ቤተሰቦች እመድባቸዋለሁ ከሚላቸው ሴት ረዳቶች አንዷ ወደ ሐይል ሩማን እንድትወጣልንና ዙወይና ወደ ቤቷ እንድትመለስ። እስካሁን የተደረገልን ነገር ከጠየቅነው በእጅጉ የተለየና የበዛ ስለሆነ፣ ምስጋናዬ እንዳይደባለቅብዎ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

፩. ስለ መጽሐፉ

በቅድሚያ፣ ለአስታማሚዎች ምክር ይሆን ዘንድ ስለላኩልን ትንሽ መጽሐፍ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ግሩም ነው፤ ዝንብ እንኳ ሲያርፍበት ያንሸራትተዋል። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጥርሳቸው ያልጎደለ አሮጊትና አንዲት ወጣት አስታማሚ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው ለማወቅ ቤተሰባችን ብዙ ተመራምሮ አልደረሰበትም።

መጽሐፉ አስታማሚዋ ራሷን እንዳትረሳ ይመክርና በየቀኑ በአቅራቢያዋ ባለ መናፈሻ በእርጋታ እንድትራመድ ያዛል። ለዙወይና መራመድ እንዳላነሳት ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። እናቷ ጠዋት ጠዋት ተነሥታ ሰው ጥሎት ወደ ወጣው ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ተወልዳ ወዳደገችበት ፍርስራሽ ቤት ትወጣለች፤ የምትሄደውም ፍየሎች ልታበላ ነው። ፍየሎቹ ዛሬ አያት በሆኑ ሰዎች ሠርግ ላይ የተበሉ ናቸው። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ስለሆነ የዙወይና አረማመድ መጽሐፉ በሚለው መጠን እርጋታ አልነበረውም፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከዚያም በየማክሰኞው በከተማው አዳራሽ በሚደረገው የአስታማሚዎች ውይይት እንድትሳተፍ ይጋብዛል። ወርዶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አስታማሚዋ ስትሄድ በሽተኛዋ ከማን ጋር ትቆያለች የሚል ጥያቄ ለሚያነሣ ግትር ሰው መጽሐፉ እዚያው መልስ አዘጋጅቷል፦ ከሌላ አስታማሚ ጋር። ይህን ያሰበውን ሰው እጁን ብስመው ደስ ይለኛል።

፪. ስለ ምርመራው

ሁለተኛው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም መርማሪ ባለሙያዎ ተራራውን ወጥቶ፣ ቤቴ ገብቶ፣ ተምሬን በልቶ ሄዷል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ በከፊል የእኛ መሆኑን እመሰክራለሁ። ከቢሮዎ ተደውሎ ነገ ሰው ይመጣል ተባልን። በእኛ አገር ሰው ይመጣል ከተባለ እንግዳ ይመጣል ማለት ነው፤ መርማሪ የሚለው ነገር ከአንዳችንም ጆሮ አልገባም። ጎረቤታችን ሙዝና መጥታ ደረጃውን ጠረገች። ሌላዋ ጎረቤታችን ሸምሳ አዲስ ምንጣፏን ተሸክማ መጣች። ነስራ በከፈተች ቁጥር እንድንሰማ በሩ ላይ ያሰርነውን የፍየል ቃጭል ዙወይና ፈታችው፤ የውጭውን በር የምንቆልፍበትን ጓጉንቸር ዱቄት ውስጥ ቀበረችው፤ እናቷ ለኩሳው እንዳትሄድ ብለን ሙዝና ቤት ያስቀመጥነውን የጋዝ ሲሊንደር መልሳ ወጥ ቤት አቆመችው። እኔም ራሴ ነስራ እንዳትወድቅ በደረጃው ዳር የዘረጋሁትን ገመድ ጠቅልዬ ደበቅሁት፤ የከብት በረት አስመስሎት ነበርና። ከዚያ ነስራን አጥበው፣ የበዓል ልብሷን አልብሰው፣ የብር ጌጧን አድርገውላት፣ የጽጌረዳ ውሃ ረጭተው እንደ ሙሽራ አስቀመጧት።

የመንደሩን ውሃ የሚያከፋፍለው ኸልፋን በበራችን ሲያልፍ ይህን ሁሉ አየና ቆመ። "ሰውዬው የሚመጣው ቤታችሁን ሊያደንቅ ነው ወይስ መከራችሁን ሊያይ?" አለኝ።

እንግዳ በቆሸሸ ቤት እንደማልቀበል፣ መከራ ማሳየት ካማረው የራሱን ቤት ሊያሳይ እንደሚችል ነገርኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ቦዩ ሄደ።

ባለሙያዎ ደረሰ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ነስራ ተቀበለችው። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት ጫማዋን ድስት ውስጥ ትከታለች፤ የልጇን ስም ትረሳለች፤ እንግዳ መቀበልን ግን አልረሳችም፤ እኛ ዘንድ ከሰው ልብ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። ተምሩን አቀረበችለት፤ ሲበላ ጠበቀችና እንደ ወጉ ምን ወሬ እንዳመጣ ጠየቀችው። ደግ ወሬ ብቻ ነው አላት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወገኖቹ ጤና አንድ በአንድ አዳረሰች። ጨርሳም እንደ አዲስ ምን ወሬ እንዳመጣ ጠየቀችው። እሱም በደስታ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ይህ ደጋግሞ ሆነ። እርሱ የተራራ ሰው ትሕትና ነው ብሎ አሰበ። ሲሰናበተኝ ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር፤ በከተማ እንዲህ ያለ አቀባበል መጥፋቱን፣ እዚያ ሰው ወሬ አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ እንደማይጠይቅ ነገረኝ።

ጥያቄም አልጎደለም። ዓመተ ምሕረቱ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። "አንተ ተምረህ የመጣኸው ልጅ ሳታውቀው እኔን አሮጊቷን ትጠይቃለህ?" አለችው። ሳቀና ወረቀቱ ላይ አንድ ምልክት አደረገ። ወደ እኔ ጠቁሞ ማን እንደሆንኩ ጠየቃት። አየችኝ። "አንተን ተከትሎ የመጣ መሰለኝ። ብላ በለው፣ አፍሯል።" ባለሙያዎ ይህን አብረው ያረጁ ባልና ሚስት ቀልድ አድርጎት ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ሌላ ምልክትም አደረገ። እኔም ከተምሩ አንድ አነሣሁ። ባለቤቴን እንግዳ ፊት ስትሳሳት አላርማትም፤ ስላላረምኳትም አልጸጸትም።

ውጤቱ ቆይቶ መጣ። ሕመሟ ቀላል፣ ከሰው ጋር ያላት ተግባቦት እጅግ የላቀ፣ ረዳትም የማያስፈልጋት መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ምርመራው ስለ ተግባቦቷ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። በዚያው መንፈስ ጽሕፈት ቤትዎ የዕውር ሰውን ዓይን በድምፁ ማማር እንዲመረምር ሐሳብ አቀርባለሁ።

፫. ስለ ቪዲዮው

ውሳኔው እንዲታረም ልጠይቅ ወደ ከተማ ወረድኩ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛዎ ቅን ሴት ናት፤ ወንበር አመጣችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ረዳት የሚገኝበትንም መንገድ ያለ ምንም ስስት ነገረችኝ። "አባባ፣ ብዙ አይደለም፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በጣም ሲብስባት በስልክ ቅረጿት። ብታለቅስ ጥሩ ነው። ፊቷ ግን በደንብ ይታይ።"

አይሆንም አልኳት። ስልክ መጠቀም የማልችል መስሏት ልታስተምረኝ እጇን ዘረጋች። አመሰግናታለሁ፤ እምቢ ያልኩት ግን ቁልፉ የቱ እንደሆነ አጥቼ አይደለም።

ቪዲዮው ምን ያሳይ እንደነበር እዚህ ልጻፍልዎ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከቤታችን ግድግዳ ላይ ስትለቅ ነስራ እኔን ማወቅ ታቆማለች። ባሏ በሌለበት አንድ ባዕድ ወንድ ቤቷ ተቀምጦ ታያለች። አትጮህም፣ አትሳደብም። ሻርፗን ፊቷ ላይ ትስብና፣ "ወንድሜ፣ የቤቱ ጌታ የለም። እሱ ሲመጣ ተመለስ" ትለኛለች። እኔም ጫማዬን ይዤ እወጣለሁ። መጽሐፍዎ የታወቀ ፊት በሽተኛን ስለሚያረጋጋ ከሁሉ የሚሻለው አስታማሚ ባል ነው ይላል፤ እኔ ግን ላጥባት፣ ላለብሳት፣ መድኃኒቷን ልሰጣት አልችልም፤ ባዕድ ወንድ እጇን ሲይዛት ለጨዋ ሴት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሴት ረዳት ያልነው ለዚህ ነው። ዙወይና መሄድ ያልቻለችውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት አእምሮዋ ከድቷት እንኳ የቤቷንና የባሏን ክብር እየጠበቀች ሳለ፣ እኔ ባሏ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ልቀርጻትና ለመስኮት ሠራተኞች ላሳያት ነው? መንደሩ በሙሉ ቅረጽ አለኝ። የመስጊዱ ሰዎች አሉኝ፣ ሙዝና አለችኝ፣ ሐምዳን ከባሕሩ ዳር ደውሎ በትሕትና አለኝ። በመጨረሻ ዙወይና ፊቴ ቆመች። "አባዬ፣ እምዬን ለመሸፈን ብለህ እኔን ትጨርሰኛለህ? ለእኔ አንድ ደቂቃ አትችልም?"

እሷንም እምቢ አልኳት። ለብዙ ቀን ሻዬን ያለ ስኳር ስታቀርብልኝ ከረመች፤ ጠጣሁት።

ይህን ደብዳቤ ግን ከመላኬ በፊት ለዙወይና በስልክ አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አውጣ አለችኝ፣ አወጣሁ። የቀረው ይሂድ አለች። ስለዚህ አሁን የሚያነቡት እሷ እንዲታይ የፈቀደችው ያህል ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ የለም።

፬. ስለ አርአያነታችን

ቀሪውን ታሪክ እርስዎም ሰምተውታል፤ ለመስማትስ ፈጣን ነዎት። የእኔን ግትርነትና የዙወይናን ዝምታ ማየት የሰለቸው ኸልፋን አንድ ቀን ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ተነሥቶ ተናገረ። እንደሚያውቁት ፈለጅ በምንለው የመስኖ ቦያችን ውሃው ከተራራው ወርዶ ለየቤቱ በተራ ይከፋፈላል፤ ተራው የማይመቸው ያበድራል፣ የተበደረ ይመልሳል። ኸልፋንም፣ ለመላው መንደር ውሃ ሳንጋደል የምናካፍል ሰዎች የአንዲት ሴት ቀን ማካፈል ካቃተን ቦዩን ደፍነን ብንሰደድ ይሻላል አለ። ሴቶቹም የነስራን ጥበቃ በዚያው ዕለት በተራ ተከፋፈሉት።

እንደ ውሃው ሁሉ ጠብ አልታጣም። ነስራ ጠዋት ጠዋት ደስተኛ ናት፤ የድሮ የጽጌረዳ ለቀማ ዘፈን ታወጣለች፤ ጠዋትን የማይፈልግ የለም። ሸምሳ አንድ ቀን ተራዋ አልቆ አልነሣ ብትል ሙዝና ደጁ ላይ ቆማ የሰው ተራ ሰራቂ ስትላት መንደሩ ሰማ። ምሽቱን ግን የሚመኘው አልነበረም። ባሏ የሞተባት ጠፍላ ምሽቱን ወሰደችና በለውጡ ማሳዋን ሌሎች እንዲያጠጡላት ተስማማች። እኔም ፀሐይ ስትለቅ እወጣለሁ፣ ጠፍላ ትገባለች። ዙወይና ወደ ቤቷ ሄደች። ስትሰናበት እናቷ ጉንጯን ሳመቻትና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት፤ የእርስዎ አለቻት፤ ነስራ በጣም ደስ አላት። ሻንጣውን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ይህ በጽሕፈት ቤትዎ ጆሮ እንደገባ መንደራችን አርአያ መንደር መሰየሙን፣ የበዓል ዝግጅት እንደሚደረግልን፣ እርስዎም በአካል ተገኝተው ንግግር እንደሚያደርጉ ተነገረን። በዚያው አፍ፣ ችግሩ በኅብረተሰቡ ስለተሸፈነ የነስራ ጉዳይ መዘጋቱ ተገለጸልን። አመሰግናለሁ። ቤቱ ሲቃጠል በባልዲ ውሃ ለሚያመላልስ ሰው፣ ጎበዝ ነህ ብሎ የእሳት አደጋ መኪናውን ወደ ጋራዥ መመለስ ይህን ያህል አያስደንቅም።

አሁን ግን ጽጌረዳው ደርሷል። እንቡጡ ቅጠሉን ሊሰነጥቅ ጥቂት ነው የቀረው። ሲፈነዳ የሐይል ሩማን ሴት ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ማሳ ወርዳ ትለቅማለች፣ የቀረውን ቀን ምድጃው አጠገብ ሆና የጽጌረዳውን ውሃ እያነጠረች ታወጣለች፤ ዓመቱን የምንኖረው እሱን ሸጠን ነው። ያን ጊዜ ለነስራ ተራ የሚይዝ ሰው አይኖርም። ተራ አበድሩኝ ብዬ የምጠይቀው አንድም ቤት የለም። ዙወይና ትመለስ እንዳልል፣ አሁን ሁለተኛ ቤቷን ትታ ከወጣች ሐምዳን ስልክ የሚያነሣ አይመስለኝም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ በከተማው ለአረጋውያን የተሠራ ንጹሕ ቤት እንዳለ ነግራኛለች። ንጽሕናውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ነስራ እዚያ የቤቱ እመቤት አትሆንም። እንግዳ የምትቀበልበት፣ ባዕድ የምታስወጣበት የራሷ በር አይኖራትም። ያኔ ከእሷ ምን እንደሚቀር አላውቅም።

ስለዚህ ንግግርዎን ለሌላ መንደር ያቆዩልንና ጽጌረዳው ሳይፈነዳ አንዲት ሴት ይላኩልን። ከከተማ የምትመጣ ከሌለች ጠፍላን አሠልጥነው ሥራውን ይስጧት፤ ነስራ ለምዳታለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷን ታምናለች።

መመርመር ግድ ከሆነም እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ሳይደውሉ ይምጡ፤ ሙዝና መጥረጊያ ሳታነሣ ይድረሱ። ተምር ይቀርብልዎታል፤ ወሬ ይጠየቃሉ፤ እንደ ልጁ ቶሎ አይሂዱ እንጂ ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትለቅ ይቆዩ። ያን ጊዜ ሁለታችንንም በትሕትና ታስወጣናለች፤ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አይሥጉ፣ ብዙ አንቆይም። ጥቂት ሲመሽ ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማል፤ ለጠፍላ ስትናገር ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። "እዚያ ደጅ ለተቀመጠው ሰውዬ ራት አውጪለት። ምስኪን ነው፣ ቤት ያለው አይመስለኝም።" ከዚያ በሩ ይከፈትና ሳህኑ ይወጣል። ባለቤቴ ቆጥቋጣ አይደለችም፤ ለሁለት ሰው ይበቃናል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያጽናው፣ የማቀዝቀዣዎንም ድምፅ ያለስልስልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ምንም ማስረጃ የሌለው ትሑት አመልካችዎ፣
ዛሂር ቢን ሙሐና
ሐይል ሩማን

ማሳሰቢያ፦ ለአርአያነታችን በሾፌር የላኩልን የክብር ሰሌዳ በደህና ደርሶናል። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ቀለሙም አይለቅም። ኸልፋን ለክቶት ከላይኛው ቦይ አፍ ጋር ልክ ስለሆነ የውሃ መዝጊያ አድርገነዋል። ውሃውን በደንብ ይይዛል፤ ስምዎ በተቀረጸበት በኩል ብቻ ትንሽ ያፈሳል።